ከሺህ ጫጩት ስድስቱ

የመካከለኛው አሜሪካ ሰዎች ይህን ትልቅ ዓሣ ጓፖቴ ይሉታል። ሳይንሳዊ ስሙ ፓራክሮሚስ ዶቪ ነው፤ ቤታቸው ውስጥ የሚያራቡት አሳጥረው ዶቪ፣ ጠባዩን ሲያዩ ደግሞ ተኩላ ይሉታል። ከሆንዱራስ እስከ ኮስታሪካ ባሉ ሐይቆችና ወንዞች ይኖራል። ወንዱ እስከ 72 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል። ዋነኛ ምግቡ ዓሣ ነው። በአገሩ እሱም በተራው ተጠብሶ ይበላል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ለዚህ አዳኝ ምድር ቤታቸውን ለቀውለት ዘሩን ትውልድ በትውልድ እየመረጡ የሚያራቡ ሰዎች አሉ።

ይህ ምልልስ በአንድ እንዲህ ያለ አርቢና በእህታቸው ልጅ መካከል የሚደረግ ነው። አጎትየው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አድገው ሜሪላንድ የከተሙ ሰው ናቸው። እሷ ባሕር ዳር የዓሣ ሀብት ያጠናች፣ ከጣና ዓሣ አስጋሪዎች ጋር ጀልባ ላይ ውላ ያደረች ናት። የተቀመጡት ቤዝመንት ውስጥ፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱም ቁመቱም 60 ሴንቲሜትር ከሆነ ገንዳ ፊት ለፊት ነው። ገንዳው ሲሞላ ውሃው ብቻ 860 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ከሲሚንቶ ወለል ሌላ ቦታ አይመቸውም።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤» አለች። «አገራችን ውስጥ ዓሣ የሚራባው ለምግብ ነው። የሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች የሚደክሙት ቆሮሶ ገበሬው ኩሬ ገብቶ ቶሎ እንዲያድግ ነው። እርስዎ ደግሞ ዓሣ የሚበላ ዓሣ ይቀልባሉ። ምን ፈልገው ነው?»

«ቆሮሶን ካነሳሽው ከእሱ እንጀምር። ቆሮሶና ይሄ ተኩላ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ሲክሊድ ናቸው። ከ1700 በላይ ዝርያ ያለው ቤተሰብ ነው። በአፍሪካ፣ በማዳጋስካር፣ በሕንድ፣ በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ተበትኖ ይኖራል። አንዱ ድንጋይ ላይ የበቀለ አልጌ ይግጣል፣ አንዱ ቀንድ አውጣ ይሰብራል፣ አንዱ የሌላውን ዓሣ ቅርፊት እየነቀለ ይበላል፣ አንዱ እንደ ዶቪ ዓሣውን ሙሉውን ይውጣል። ከአንድ ቤተሰብ ይህን ያህል የኑሮ ዓይነት እንዴት ወጣ? ካረል ሊም የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበው ሐሳብ አለ። ሲክሊዶች ጉሮሯቸው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ አላቸው። ማድቀቁን ያኛው ከወሰደው የፊተኛው አፍ የሚቀረው ሥራ መያዝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንደ ምግቡ ዓይነት ቅርጹን እንዳሻው ይለውጣል።»

«ይህንንስ ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ቆንጆና ሰላማዊ ዓሣ ሞልቶ ሳለ ገዳዩ ለምን ተመረጠ?»

«ገዳዩ ጥሩ አባት ስለሆነ።»

መልሳቸው አልተጋነነም። ዶቪዎች ጥንድ ሆነው ድንጋይ ያጸዳሉ፤ ሴቲቱ ከሺህ በላይ እንቁላል በረድፍ በረድፍ ትለጥፋለች፤ በክንፏ እያራገበች ንጹሕ ውሃ ታደርስላቸዋለች፤ ወንዱ ዙሪያውን ይጠብቃል። ውሃው 27 ወይም 28 ዲግሪ ከሆነ በሦስተኛው ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ። ገና መዋኘት የማይችሉትን እናትና አባት በአፋቸው እያፈሱ አሸዋ ውስጥ ወደ ቆፈሩት ጉድጓድ ያዛውሯቸዋል። ሳምንት ሲሞላቸው ጫጩቶቹ እንደ ደመና ተነስተው ይዋኛሉ፤ ወላጆቹም ለሳምንታት ከጎናቸው አይለዩም። አንዲትን ትንሽ ዓሣ በአንድ ጉርሻ የሚያጠፋ አፍ የራሱን ልጅ ሳይጎዳ ይዞ ሲሄድ ያየ ሰው የአርቢዎቹን ፍቅር ይረዳል።

«ልንገርሽ፤» ቀጠሉ አጎትየው። «ኬኔት ማኬይ የሚባል ተመራማሪ ማናጓ አጠገብ ባለው በጂሎዋ ሐይቅ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1977 አሳትሟል። ዶቪ ጫጩቶቹን ሲጠብቅ፣ ዕፅ በል የሆነ ሌላ ሲክሊድ፣ ያውም ወንዱ፣ መጥቶ አብሮ ይጠብቅለታል።»

«ዕፅ በሉ የአዳኙን ልጅ ያሳድጋል?»

«አዎ። ማብራሪያው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ኔትሮፕለስ የሚባል ሌላ ትንሽ ሲክሊድ አለ። የመራቢያ ቦታ ከዕፅ በሉ ጋር ይሻማል። የዶቪ ልጆች ሲያድጉ ያን ተሻሚ ይበሉታል። የጠላቱን ጠላት ነው የሚያሳድገው።»

የእህት ልጅ ታሪኩን ወደደችው፤ ግን ከያዘችው ነገር አልለቀቀችም። «ይህ ሁሉ የሐይቁ ሥራ ነው ጋሼ። ጎረቤቱም፣ ጠላቱም፣ ሽሚያውም ሐይቁ ውስጥ ነው ያለው። ገንዳ ውስጥ ሲገባ ያን የሚተካው የእርስዎ ዓይን ብቻ ነው። ታዲያ ዓይንዎ የሚመርጠው ምኑን ነው?»

«መጀመሪያ የሚመረጡት ጥንዶቹ ናቸው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ገዝተሽ አብረሽ ብታስገቢያቸው ብዙ ጊዜ ወንዱ ይገድላታል። ሐይቅ ውስጥ ብትሆን ትሸሸዋለች፤ እዚህ ወዴት ትሸሻለች? ስለዚህ ስምንት አሥር ልጅ ዓሣ አብረሽ ታሳድጊያለሽ፤ እርስ በርስ ይመራረጣሉ። የተጣመሩትን ታስቀሪና ሌላውን ታወጫለሽ። ከዚያም በኋላ አይታመንም፤ ለዚህ ነው ፍርግርጉ ያለው።»

ገንዳውን ለሁለት የሚከፍለው ለኮርኒስ መብራት መሸፈኛ የሚሠራው ነጭ የፕላስቲክ ፍርግርግ ነው። አንዱ ጥግ ላይ፣ ከአሸዋው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሴቲቱ ብቻ የምታልፍበት ቀዳዳ ተቆርጧል። ሴቲቱ ቢጫ ናት፤ ጎኗ ላይ ጥቁር መስመር ተስቦባታል። ወንዱ ብርማ ነው፤ ፊቱና ጎኑ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ፈሶበታል፤ መጠኑ እሷን አንድ ተኩል ያህል ነው። እሷ በቀዳዳው ታልፋለች፤ ጎን ለጎን ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤ እሱ የጉንጩን ሽፋን ከፍቶ ሲዞርባት አንድ ጊዜ በጭራዋ ገፍታ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። እሱ ተከትሎ ይመጣል፤ ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ግንባሩ ይገታዋል። ጠፍጣፋው ድንጋይ ፍርግርጉን ተደግፎ በእሷ በኩል ቆሟል። እንቁላል በምትጥልበት ቀን አጎትየው የፓምፑን አፍ ያዞሩትና ከወንዱ በኩል የሚመጣው ውሃ በፍርግርጉ አልፎ ድንጋዩን ያጥበዋል። እንቁላሉ የሚዳብረው በዚህ መንገድ ነው።

«ሴቷን የማይገድለውን ወንድ ይመርጣሉ ማለት ነው?» ጠየቀች።

«የመጀመሪያው መስፈርቴ እሱ ነው። ምንም ያህል መልክ ይኑረው፣ ሴት የገደለ ወንድ ዘሩ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«እንግዲያውስ ተኩላውን በግ እያደረጉት ነው።»

«አይደለም። እጅሽን መስታወቱ ላይ አድርጊ እስቲ።» አደረገች፤ ወንዱ ዘሎ መጥቶ መስታወቱን በአፉ መታው። አጎትየው ሳቁ። «ለባዕድ እንዲህ እንዲሆን እፈልጋለሁ። የምጠላው ለገዛ ሚስቱ እንዲህ የሚሆነውን ነው። ሁለቱ ተለያይተው እንደሚወረሱ ማረጋገጫ የለኝም፤ ግን ጠባይ ለምርጫ እንደሚታዘዝ የታይላንዶቹ ተዋጊ ዓሦች ያሳያሉ። ቤታ የሚባሉትን ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የዘረመል ጥናት ሰው እነሱን ማላመድ ከጀመረ ቢያንስ 1000 ዓመት ይሆናል ይላል። ለጠብ እየተመረጡ ከዱር ዘመዶቻቸው የባሱ ተዋጊዎች ሆነዋል። ወደዚያ ማክረር ከተቻለ ወደዚህ ማለዘብም ይቻላል።»

እዚህ ላይ አጎትየው ትክክል ናቸው፤ ምርጫ ሲቀርም ጠባይ ይጠፋል። ብዙ የንግድ አርቢዎች እንቁላሉን ከወላጆቹ ነጥለው በመድኃኒት ውሃ ያስፈለፍላሉ። ቁጥር ይበዛላቸዋል፤ ግን ልጁን የሚበላ አባትና ልጁን የሚጠብቅ አባት እኩል ዘር ይተካሉ። ትውልድ ካለፈ በኋላ ማሳደግ የረሱ ዓሦች ቢመጡ ጥፋቱ የዓሣው አይደለም። ዶቪን ዶቪ የሚያሰኘው መጠኑ ብቻ ስላልሆነ ልጆቹን ራሱ ያሳደገ ጥንድ ሁልጊዜ መቅደም አለበት።

«ከሺህ ጫጩት ስንቱን ያስቀራሉ?»

«መጨረሻ ላይ ስድስት።»

«ስድስት ብቻ?»

«አንቺ ነሽ የተማርሽው። ሐይቁ ስንት ያስቀራል?»

አሰበች። «የዓሣው ብዛት ካልጨመረና ካልቀነሰ፣ አንድ ጥንድ በሕይወት ዘመኑ ከወለደው ሁሉ በአማካይ ሁለት ነው ለወላጅነት የሚበቃው።»

«እኔ ከሐይቁ ይልቅ ቸር ነኝ ማለት ነው።»

ስድስቱ የሚለዩት ግን በአንድ ቀን አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጫጩቶቹ የሚመገቡት አርቴሚያ የሚባል ጥቃቅን የጨው ውሃ ሽሪምፕ ነው፤ እንቁላሉ በጨው ውሃ አየር እየተነፋበት በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ከዚያ ደቃቅ መኖ ይቀጥላል። የአዳኝ ልጅ አዳኝ ነውና ቀድሞ የጎረመሰው ወንድሙን መዋጥ ይጀምራል፤ በየሳምንቱ በመጠን መለየት ግድ ይሆናል። ጀማሪ አርቢ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ትልልቆቹን እያነሳ ያስቀራል፣ ትንንሾቹን ያስወግዳል። የዶቪ ወንድ ከሴቷ ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ ዓመት ሲሞላ የተረፉት ወንዶች ብቻ ሆነው ያገኛቸዋል። አጎትየው ከየመጠኑ ያስቀራሉ፤ ምርጡን ትንሽ ከምርጡ ትልቅ እኩል ያከብሩታል።

ቀለምም ቶሎ አይፈረድበትም። ጃጓር የሚባለው የዶቪ የቅርብ ዘመድ ልጅነቱን በመስመር ያሳልፍና ነብርማ ነጠብጣቡ የሚመጣው ሲጎረምስ ነው። የኒካራጓው ሚዳስ ደግሞ ሁሉም ጥቁር ግራጫ ሆነው ይወለዳሉ፤ አብዛኞቹ እንደዚያው ይቀራሉ፤ ጥቂቶቹ ግን እያደጉ ጥቁሩን ጥለው ወርቃማ ይሆናሉ። የጀርመኑ የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት ይህን ለውጥ አንድ ጂን ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ የዘረመል ቁራጭ ጋር አያይዘውታል። ወርቃማነቱ ገዢ ባሕርይ ነው፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይታያል። ጥቁር ነው ብሎ በሁለት ወሩ የጣለ ሰው ወርቁን ሳያውቀው ሊጥል ይችላል።

«ቅርጽስ? የተጣመመ አከርካሪ ሲያዩ ዘሩ ነው ይላሉ?» አለች የእህት ልጅ። «እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ቫይታሚን ሲ ያነሰው መኖ አከርካሪ እንደሚያጣምም ተምረናል። ውሃና መኖ ያበላሸውን ዘር አበላሸው ብለው ቢያስወግዱት ምርጫ አይባልም።»

አጎትየው ጎንበስ ብለው ከገንዳው ሥር ቀይ ጎማ አወጡ። «ለዚህ ነው ከዘር በፊት ውሃ የሚቀድመው። በሳምንት ሁለቴ ግማሹን እቀይራለሁ። ዓሣው የሚያወጣውን አሞኒያ ማጣሪያው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱ ግን በመቀየር እንጂ በሌላ አይወጣልኝም። የቧንቧችን ውሃ ደግሞ ክሎራሚን አለበት። ክሎሪን ቢሆን አሳድረሽው ይተናል፤ ክሎራሚን አይተንም፤ ማርከሻ ይፈልጋል። ሁሉም ጫጩት እኩል ውሃ፣ እኩል መኖ አግኝቶ አንዱ ቢጣመም ያኔ ዘሩን እጠረጥራለሁ። ግማሹ ከተጣመመ ራሴን እጠረጥራለሁ።»

«ሕያው ዓሣ ይሰጧቸዋል?»

«በጭራሽ። ወርቅ ዓሣ እየወረወሩ የሚደሰቱ አሉ። የወርቅ ዓሣ ሥጋ ቫይታሚን ቢ አንድን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው፤ በሽታና ጥገኛ ተውሳክም ያመጣል። ዶቪ እንክብል መኖ ይለምዳል፤ ሽሪምፕና የዓሣ ሥጋ እጨምርለታለሁ።»

የሚወገዱት የት ይሄዳሉ? ጤነኛ ሆነው የተረፉት ገንዳ ላለው ሰው ይሰጣሉ። ጉዳት ያለባቸው በቅርንፉድ ዘይት ደንዝዘው እንዲሞቱ ይደረጋል፤ መጠኑ ሲበዛ አይነቁም። ይህን ማድረግ የማይችል፣ ወይም ሳይከብደው የሚያደርግ ሰው ማራባቱን ቢተወው ይሻላል።

«አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ መጣሁ፤» አለች። «ስድስቱ እህትና ወንድም ናቸው አይደል? ቀጣዩን ትውልድ ከማን ከማን ሊያገኙ ነው?»

አጎትየው ወዲያው አልመለሱም። «ብዙ አርቢ ወንድሙን ከእህቱ ያጣምራል። አንድ መልክ ለማጽናት ፈጣኑ መንገድ እሱ ነው።»

«ወዴት እንደሚወስድ በቁጥር ላሳይዎት። አንድ ልጅ ከእናቱም ከአባቱም ከአንድ ቅድመ አያት የመጣ ያንኑ ጂን የመውረስ ዕድሉ ይሰላል። ወላጆቹ ዘመድ ካልሆኑ ዜሮ ነው። እህትና ወንድም ከተጣመሩ ልጆቻቸው ላይ 25 በመቶ ይሆናል። የእነሱ ልጆች እርስ በርስ ቢጣመሩ 37.5፣ ቀጥሎ 50። በሦስት ትውልድ ግማሽ! አንድ ትውልድ ሁለት ዓመት ቢፈጅብዎት ስድስት ዓመት ብቻ ነው። እንቁላሉ ይመክናል፣ ጫጩቱ ይደክማል፣ ተደብቆ የኖረ ጉድለት ሁሉ ይወጣል። እርስዎ መልክ ሲመርጡ ድካምንም አብረው እየመረጡ ነው።»

«አሁን የጣድሽው ነገር እሳት አለው።»

«ከቆሮሶ ምሳሌ ልጨምርልዎት። እ.ኤ.አ. በ1988 ፊሊፒንስ ውስጥ ጊፍት የሚባል የቆሮሶ ማሻሻያ ሥራ ተጀመረ። በአንድ ጥንድ አልጀመሩም። ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የዱር ቆሮሶ አስመጡ፤ እስያ ውስጥ ይረቡ የነበሩ አራት ዘሮችን ጨመሩ። ከዚያ ቤተሰብ ከቤተሰብ እያወዳደሩ መረጡ። የዕድገት ፍጥነቱ በየትውልዱ ከ10 በመቶ በላይ ጨመረ። ዛሬ በብዙ አገር ኩሬ ውስጥ ያለው የዚያ ልጅ ነው። ምስጢሩ መሠረቱ መስፋቱ ነው። መምረጥ የሚቻለው ልዩነት ካለ ብቻ ነው፤ ጠባብ ዘር ውስጥ የሚመረጥ ነገር ቶሎ ያልቃል።»

ይህ የምልልሱ ጠንካራ ነጥብ ነበር። በትልልቅ አዳኝ ሲክሊዶች ርቢ ትልቁ ችግር ቦታ ነው። ቆሮሶ አራቢ መቶ ቤተሰብ በኩሬ ይይዛል፤ ዶቪ አራቢ አንድ ጥንድ ይዞ ቤዝመንቱ ይሞላበታል። እያንዳንዱ ብቻውን ከሠራ ሁሉም የየራሱን ዘር ያጠባል።

«ብቻዬን ስለማይቻል ነው ማኅበር ያለው፤» አሉ አጎትየው። «የአሜሪካ ሲክሊድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1967 ነው የተመሠረተው። እዚያ ያሉ ሰዎች ዓሣውን የሚያውቁት ከየትኛው ሐይቅ ወይም ወንዝ እንደመጣ፣ ከዱር ከወጣ ስንተኛ ትውልዱ እንደሆነ ጭምር ነው። እኔ ሁለት ወንድ ይዤ ሁለት ሴት ከሌላ ሰው ብቀበል፣ እሱም ከኔ ቢወስድ፣ አምስት ሰው እንዲህ ብንለዋወጥ፣ በአምስት ቤት አምስት የማይዛመዱ ጥንዶች ይቆያሉ። ብቻ ከአንድ ውሃ የመጡ መሆን አለባቸው። የኒካራጓን ሐይቅ ዓሣ ከኮስታሪካ ወንዝ ጋር አልቀላቅልም።»

«ለምን? ዝምድናውን ያርቅ የለ?»

«የየአገሩ ዓሣ የየአገሩ መልክና ጠባይ አለው። አንዴ ከተቀላቀለ መልሶ መለየት የለም።»

«እዚህ ላይ አብሬዎት ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1992 ስዩምና ኮርንፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች የጣናውን ቆሮሶ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ብለው ገልጸውታል። ሌላ ቦታ የተሻሻለ ዘር ጣና ብንጨምር ያን እናጣዋለን።»

ከተለያዩ ዝርያዎች ስለሚሠሩ ዲቃላዎች ብዙ አልተከራከሩም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ማሌዥያ ውስጥ አርቢዎች የተለያዩ የመካከለኛው አሜሪካ ሲክሊዶችን አዳቅለው ፍላወርሆርን የሚባለውን አወጡ፤ ግንባሩ ላይ ትልቅ ጉብታ ያለው ቀይ ዓሣ ነው። ጉብታው መልካም ዕድል ያመጣል ተብሎ በእስያ ከተሞች በውድ ተሸጧል። ከዚያ በፊት ታይዋን ውስጥ ብለድ ፓሮት የሚባለው ተሠርቷል፤ አፉ በደንብ የማይገጥም፣ ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ መካን የሆነ ዲቃላ ነው። ምግቡን የሚያደቅቀው በጉሮሮው መንጋጋ ስለሆነ በሕይወት ይኖራል።

«አፉ የማይዘጋ ዓሣ ሠርቶ መሸጥ ነውር ነው፤» አሉ አጎትየው፤ ድምፃቸው ተለወጠ።

«እኔ የምፈራው ሌላም ነገር አለ፤» አለች። «ገንዳው የጠበበበት ሰው ዓሣውን ወንዝ ውስጥ ሲለቅ።»

ፍርሃቷ በታሪክ የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ፓናማ ውስጥ ከኩሬ ያመለጡ ሲክላ የሚባሉ አዳኝ ሲክሊዶች ጋቱን ሐይቅ ገቡ። ከስምንት የተለመዱ የአገሬው ዓሦች ስድስቱን እንዳጠፉ ዛሬትና ፔይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ዘግበዋል። ፍላወርሆርን በሲንጋፖርና በማሌዥያ ውሃዎች ተለቅቆ ይኖራል፤ ጃጓርና ሚዳስ በፍሎሪዳ ቦዮች ይራባሉ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የደረሰው ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የገባው የናይል ፐርች ወደ 200 የሚጠጉ የሲክሊድ ዝርያዎች እንዲጠፉ ትልቅ ምክንያት ሆኗል።

«ግን የቤት አርቢና የአኳሪየም ሰው ያዳነውም አለ፤» አሉ። «ማዳጋስካር ውስጥ የማንጋራሃራ ሲክሊድ ወንዙ በግድብና በመስኖ ደርቆበት ሊጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን መካነ እንስሳት ሁለት ወንድ፣ በርሊን አንድ ወንድ ብቻ ነበራቸው። ሴት ያለው ካለ ብለው በዓለም ዙሪያ ጥሪ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ማዳጋስካር ሄደው 18 ዓሦች አገኙ፤ ዛሬ ይራባል።»

«ያም ቢሆን የተገኘው ወንዙ ውስጥ ነው ጋሼ። ጣና ላይ የላቤዎባርበስ ወገን የሆኑ 15 ዝርያዎች አሉ፤ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው አዳኝ የሆኑ ዓሦች! በርካቶቹ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ሲወጡ የወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ሲገባ እጅግ ቀነሱ። ሰው ገንዳ ውስጥ ቢይዛቸውም እነሱን የሠራውን ሐይቅ ገንዳ ውስጥ አያስገባውም። የእርስዎ ምርጫ ጥሬ እቃው ሁልጊዜ ከዱር ነው የሚመጣው።»

አጎትየው አልተቃወሙም። ደብተራቸውን አወጡ። እያንዳንዱ ዓሣ ከየት ውሃ እንደመጣ፣ ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ፣ መቼ እንደተወለደ ተጽፏል። የእህት ልጅ ገጾቹን ስታገላብጥ አንድ ነገር እንደጎደለ አየች፤ የቀሩት እንጂ የተወገዱት ከነምክንያታቸው አልተመዘገቡም። ስንት ተጣመመ፣ ስንት ሳይበላ ሞተ፣ ስንት በጠብ አለቀ የሚለው ቁጥር ዘሩ እየደከመ መሆኑን ቀድሞ ይናገራል አለቻቸው። አዲስ ገጽ ላይ ሦስት ረድፍ አሰመረች። ከአሁኖቹ ስድስት እህትና ወንድም እንዳይጣመሩ፣ ሴቶቹ ከዚያው ሐይቅ የመጣ የማይዛመድ ወንድ ካለው አርቢ ጋር እንዲለወጡም ተስማሙ።

ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ አንባቢ በዶቪ ባይጀምር ይመከራል። ኮንቪክት የሚባለው የመካከለኛው አሜሪካ ሲክሊድ ከ12 ሴንቲሜትር እምብዛም አያልፍም፤ 150 ሊትር ገንዳ ይበቃዋል፤ እናትና አባት ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ ለማየትም፣ መምረጥና መመዝገብ ለመልመድም ይመቻል። ከዚያ ወደ ትልቁ የሚሻገር ሰው ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ዓሣው የየትኛው ሐይቅ ወይም ወንዝ ነው፣ ዘሩስ ከስንት የማይዛመዱ ጥንዶች ተነስቷል? መልስ ከሌለ አይግዛ። ገንዳው ሲጠበው ደግሞ ዓሣውን ለሌላ አርቢ ይስጥ፣ ካልሆነም በቅርንፉድ ዘይት ያሰናብተው እንጂ ወደ ወንዝም ወደ ሐይቅም አይልቀቅ።